ከሳጥኑ ግርጌ የወጡ ጭራቆች

ጭራቅ ፍለጋ ላይ ስለነበረች ሴት ልጽፍ ነው። መሳቅ የሚፈልግ አሁኑኑ ስቆ ይጨርስ፤ በኋላ ለሳቅ የሚሆን ቦታ የለኝም።

ሴትየዋ የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ናት። ቀኑን ሙሉ ከቆዳ መሳይ ጨርቅ፣ ከቢጫ ስፖንጅና መርፌ ከሚሰብር አሮጌ የስፌት መኪና ጋር ስትታገል ትውላለች። ሙጫው ጣቷ ላይ ሲደርቅ በጥርሷ እየላጠች ትተፋዋለች። ሰፈሩ «ሰፊዋ» ይላታል፤ እኔም እንደዚያው እላታለሁ። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ከሱቋ ጀርባ ሁለት ክፍል አላቸው። በአንደኛው፣ የስፖንጅ ጥቅል እስከ ጣሪያ በተቆለለበት፣ ታላቅ ወንድሟ ተኝቷል። ጭራቅ የምትፈልገው ይህ ወንድሟ አፉን እንዲከፍት ነው። ሌላ ምክንያት የላትም።

ወንድሟ የክሬን ኦፕሬተር ነበር። ሰማይ ላይ በተንጠለጠለች የመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ፣ የቤት ግድግዳ የሚያህል ኮንክሪት እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ ያስቀምጥ ነበር። አንድ ጠዋት ጭነቱ ወደቀ። ከሥር ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሊያጣሩ የመጡት ሰዎች የክሬኑን መሰላል ቀና ብለው አዩት፤ አንገታቸውን ሳያማቸው አልቀረም፣ እዚያው መሬት ላይ እንደቆሙ ጥፋቱ የኦፕሬተሩ ነው ብለው ሄዱ። አላሰሩትም። ሥራህን ትተህ ቤትህ ግባ አሉት፤ ቸርነት መሆኑ ነው። እሱም ገባ። መጀመሪያ ስለዚያ ጠዋት ማውራት ተወ። ቀጥሎ ስለ ምንም ነገር ማውራት ተወ። ከዚያ ሲጠሩት መመለስ፣ በመጨረሻም መብላት። እህቱ የሞላ ሳህን ታስገባለች፣ የሞላ ሳህን ታወጣለች።

ሐኪሙ ክኒን ጻፈና ጊዜ ይፈልጋል አለ። ጊዜማ ማንም ይፈልጋል። ጎረቤቱ ደግሞ፣ ከሁሉ በላይ ደሜን የሚያፈላው እሱ ነው፣ አንድ ሙሉ ጎልማሳ እንዴት አኩርፎ ይተኛል ይል ነበር። ሁለት ሬሳ በሐሳቡ ተሸክሞ የተኛን ሰው አኮረፈ የሚል አፍ ካለ፣ ዝም ማለት የነበረበት ያ አፍ ነበር። ግን ዝም የሚለው ሁልጊዜ ዝም ማለት የማይገባው ሰው ነው።

ልጆች ሳሉ የጨዋታ ካርድ የሞላበት አንድ ሳጥን ነበራቸው። ወንድምየው ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ያገኘው ነው። አጨዋወቱ አያስቸግርም። አንዱ ተራኪ ሆኖ ታሪክ ይጀምራል። ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ ሰው ይሆናሉ፤ ባለ ጎራዴ፣ መድኃኒት ቀማሚ፣ ሌባ፣ የፈለጉትን። ተራኪው ከፊታችሁ ወንዝ አለ ይላል፣ እነሱ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፣ ነገሩ አጠራጣሪ ሲሆን ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ይጣላል። ጠላት የሚመጣው ከሳጥኑ ነው። በካርዱ ፊት የጭራቁ ስምና ሥዕል፣ በጀርባው ጠባዩ። ወንድምየው ገና በቁምጣ ሳለ ያወጣው አንድ ሕግ አለ፤ እዚያ ቤት እስከ ዛሬ ይሠራል። ተራኪው የካርዱን ጀርባ አስቀድሞ አያነብም። ተጫዋች ስለ ጭራቁ ጠባይ ሲጠይቅ ብቻ ይገለብጠዋል፤ አንዴ ከገለበጠ ግን የተጻፈውን እስከ መጨረሻው ጮክ ብሎ ማንበብ አለበት፣ ሳይጨምር፣ ሳይዘል። ተራኪ ጭራቁን አስቀድሞ ካወቀው ይወደዋል፣ ከወደደው ያዳላለታል ይል ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት ሰፊዋ ሳጥኑን ከቁም ሳጥን ላይ አወረደችው። ለምን እንደሆነ ራሷም አታውቅም። ያላደረገችው ነገር አልቀረም ነበርና ያ ብቻ ቀርቷት ይሆናል። የመቁረጫ ጠረጴዛዋን እየጎተተች ከወንድሟ አልጋ ጎን አስጠጋች። ባሏን ጠራች። ከሱቋ ቀጥሎ ያለውን ፀጉር አስተካካይም ጠራች፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እሑድ እሑድ ባዶ ወንበር ሲያሽከረክር የሚውል ሰው ነው። ሁለቱም ከጨዋታ ዕድሜ ያለፍን ነን ብለው ጥቂት አንገራገሩ፣ ከዚያ ተቀመጡ። ከቁልፍ ማስቀመጫዋ እያንዳንዱ አንድ የኮት ቁልፍ መርጦ ይህ እኔ ነኝ አለ። ለወንድሟ እሷ መረጠችለት።

ዘንዶ አመጣች። ዘንዶው ክንፉን ዘርግቶ ከተማውን ሲያነድ ሾፌሩ ጎራዴውን መዘዘ። አስተካካዩ እሳት ከመትፋቱ በፊት ጺሙን ላርጥበው አለ። ከአልጋው በኩል ድምፅ መጣ።

«ከብብቱ ሥር።»

ብዙ ጊዜ ያልተከፈተ በር ሲከፈት የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። ዘንዶው ከብብቱ ሥር ተወግቶ ሞተ። ሰፊዋ ክር ላምጣ ብላ ወደ ሱቁ ወጣችና ፊቷን ስፖንጅ ውስጥ ቀብራ አለቀሰች። ስትመለስ ወንድሟ ወደ ግድግዳው ዞሯል።

በሚቀጥለው እሑድ ግዙፉን ባለ አንድ ዓይን አመጣች። «ጉልበቱን» አለ ወንድሟ፣ አለቀ። ደም መጣጩን አመጣች። «ብርሃን» አለ፣ አለቀ። ከሁሉም ጋር በልጅነቱ ተዋግቷል፤ የማን ድካም የት እንዳለ ያውቃል፤ አንድ ቃል ይወረውርና ይገላገላቸዋል። ስሙ የገነነ ጭራቅ ሁሉ ዋጋው አንድ ቃል ነው። በሳምንት አንድ ቃል ደግሞ ሰው አያኖርም። ምግቡን አሁንም አይነካም፤ የአንገቱ አጥንት እየወጣ መጣ።

ያን ጊዜ ነው ሰፊዋ የሳጥኑን ግርጌ ማሰስ የጀመረችው። እዚያ ማንም ያልነካቸው ካርዶች ነበሩ። ልጆች ሳሉ ዘንዶ እያለ እነሱን ማን ያወጣቸዋል? ሥዕላቸው አያምርም፣ ስማቸው አያስፈራም። ሠዓሊው ደክሞት የሣላቸው ይመስላሉ። የመጀመሪያውን አወጣች፤ «እንቅልፍ ለቃሚዎች» ይላል። ጎባጣ፣ ቅርጫት ያዘሉ፣ እንደ ቀትር ጥላ ያጠሩ ፍጥረቶች። አንድ መንደር ፈጠረችና የመንደሩ ሰው ሁሉ ዓይኑ ደም ለብሶ እንቅልፍ አጥቶ ሲንከራተት ተረከች።

ሾፌሩ ዋሻቸውን እናቃጥል አለ። አስተካካዩ ደንበኞቼ ወንበሬ ላይ የሚያንቀላፉትን እንቅልፍ በነፃ ይውሰዱልኝ አለ። ወንድሟ ግን ድካማቸውን አያውቅም። ስለማያውቅ ዞረ። ትራሱን አቃና።

«የለቀሙትን የት ያደርሱታል?»

ካርዱን ገልብጣ አነበበች። እንቅልፍ ለቃሚዎች የለቀሙትን በቅል ይዘው ለልጆቻቸው ይወስዳሉ፤ ልጆቻቸው የዓይን ቆብ ሳይኖራቸው ይወለዳሉ። ሌላ አልነበረውም። እንግዲህ አልጋው ላይ ያለው ሰው ሾፌሩን ተከራከረው። ልጆቹ ስንት እንደሆኑ ጠየቀ፣ አንድ ሰው ሳይጎዳ ምን ያህል እንቅልፍ መስጠት እንደሚችል ጠየቀ፣ መንደሩ ተራ ገብቶ ቢሰጣቸውስ አለ። ሾፌሩ እኔ ከንጋት ጀምሮ መሪ ይዤ የዋልኩ ሰው ነኝ፣ እንቅልፌን ለጭራቅ አላዋጣም ብሎ አበደ። ሁለቱ እስኪመሽ ተጨቃጨቁ። ያን ዕለት ወንድምየው የቀረበለትን ግማሽ በላ። ሰፊዋ የተበላውን ግማሽ ሳህን ይዛ እንደ ሐውልት ኩሽና ውስጥ ቆመች።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ገባት። የሚታወቅ ጭራቅ ይገደላል፤ የማይታወቅ ግን ይጠየቃል። እሷ የምትፈልገው ጥያቄውን ነው። ጥላ ሻጮችን አመጣች። ጉም ጠማቂዎችን አመጣች። ደጅ የለሾችን አመጣች፤ እነዚህ ሰው ቤት የሚገቡት ራሳቸው ቤት መሥራት ስለማያውቁ ነው። ሁሌም መጀመሪያ ክፉ ሆነው ይመጣሉ፣ ሾፌሩ ግደሉ ይላል፣ ከአልጋው ጥያቄ ይመጣል፣ ካርዱ ይገለበጣል። ሾፌሩ አንድ ቀን እንኳ ያለ ጥያቄ የሚገደል ነገር አምጪልኝ እያለ ያጉረመርም ነበር፤ ግን እሑድ ከሰዓት ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ጎረቤቱ አሁን ደግሞ ጭራቅ መጥራት ጀመሩ ብሎ ለሰፈሩ አወራ። ይህ ሰው እሱ ቤት ከሚወራው የከፋ ጭራቅ የት እንዳለ እኔ አላውቅም፤ እንለፈው።

ችግሩ ካርዱ ማለቁ ነው። ግርጌው እየሳሳ መጣ። ሰፊዋ ራሷ እንዳትፈጥር ሕጉ ከሳጥኑ ውጭ ጭራቅ የለም ይላል፤ አንዴ ሞክራው ወንድሟ ወዲያው ነቅቶባት ሳምንቱን ሙሉ ፊት ነሣት። የአሮጌ መጽሐፍ ሻጮችን ሁሉ ዞረች። እንዲህ ያለ ሳጥን እንኳን ያለው፣ የሰማም አልነበረም። የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ስለ ወንበር ልብስ የሚያወራትን ደንበኛ እየሰማች የምታስበው የሚቀጥለውን እሑድ ነበር። ካርዱ ካለቀ ጥያቄው ያልቃል። ጥያቄው ካለቀ ሳህኑ ሞልቶ ይወጣል። በልብሱ ውስጥ የሚጠፋውን ሰው በዓይኗ ታየዋለች።

በመጨረሻ አንድ ካርድ ቀረ። «እጀ ረጃጅሞች» ይላል። ሥዕሉ ደብዝዟል፤ ላይኛው ጫፉ በእርጥበት ተበልቷል። ክንዳቸው ከቁመታቸው የረዘመ ግራጫ ፍጥረቶች ተራራ አፋፍ ላይ ቆመዋል፣ እጃቸውን ሽቅብ ዘርግተው። ሊመቱ የተነሱ ናቸው አለች ለራሷ። ማንም ሥዕሉን ያየ ሰው እንደዚያ ይል ነበር። በሥርዓቱ መሠረት ጀርባውን አላነበበችም። ያን ቀን አንብባው ቢሆን ኖሮ ሳጥኑን ከነካርዱ ትማግደው ነበር።

እሑድ መጣ። ሸለቆ ውስጥ ያለ መንደር ተረከችላቸው። በየጊዜው ከተራራው ድንጋይ እየወረደ ቤት ይደፈጥጣል። አፋፉ ላይ እጀ ረጃጅሞች ቆመዋል። ሾፌሩ እጁን አፋተገ። ይሄ ነው ጠላት ማለት፣ እግዜር ይስጥሽ አለ። አስተካካዩ በዚያ ክንድ ማንም ሳይረዳው የራሱን ማጅራት መላጨት ይችላል ብሎ ቀና። ወንድምየው ተደግፎ ተቀምጧል፤ ያን ሰሞን መቀመጥ ጀምሮ ነበር። ተራራውን እየወጡ ሳሉ ጠየቀ።

«ድንጋዩን የሚጥሉት ለምንድን ነው?»

ካርዱን ገለበጠች። ማንበብ ጀመረች። «እጀ ረጃጅሞች ድንጋይ አይጥሉም። የተራራውን ጫፍ ተሸክመው ይኖራሉ። ተተኪ አይመጣላቸውም።» እዚህ ላይ ዓይኗ ወደ ቀጣዩ መስመር ቀደማት። ካርዱን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ጨርሺው» አለ ወንድሟ።

«ጋሼ፣ ይቅር፣ ሌላ…»

«ጨርሺው። ሕግ ነው።»

«ሲዝሉ ከእጃቸው ያመልጣል። ከሥር ያለው ይሞታል።»

 ሾፌሩ፣ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ገና በታሪኩ ውስጥ ስለነበረ ብቻ፣ የባለ ጎራዴውን ንግግር ተናገረ።

«አመለጠው፣ ጣለው፣ ለሞተው ምን ለውጥ አለው? ገዳይ ገዳይ ነው።»

ወንድምየው ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለ። ከዚያ ቁልፉን በጣቱ ገፍቶ ተራራው ሥር አደረሰው፤ አልገድላቸውም፣ ገብቼ አንዱን እተካዋለሁ አለ። ሰፊዋ የሰው ክንድ ያን አይችልም አለችው። ዳይስ ይወስን አለ። ስድስት ካልወጣ ትሞታለህ አለችው፣ እንዲፈራ ብላ። እሱ ግን ዳይሱን ከእጇ ወሰደ። አንድ ወጣ። ማንም ሳይነግረው ቁልፉን አንስቶ ሳጥኑ ውስጥ ጣለው፤ በጨዋታው የሞተ ሰው ታሪኩ እስኪያልቅ ከጠረጴዛው አይናገርም፣ ይህንንም ሕግ ያወጣው ራሱ ነበር። ብርድ ልብሱን እስከ ራሱ ሳበ።

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ መናገር ይከብደኛል። ውሃ እንኳ በግድ ሆነ። እህቱ ታሪኩ አልቋል ብላ ማለችለት፤ እጀ ረጃጅሞቹ እዚያው እንደቆሙ ታሪኩ አለቀ እንደማይባል ሁለቱም ያውቃሉ። አዲስ ቁልፍ አምጥታ ሌላ ሰው ሁን ብላ ለመነችው፤ ቁልፉ ከመዳፉ ተንከባሎ ወደቀ። ሐኪሙ የክኒኑን መጠን ከፍ አደረገው። ሰፊዋ አንድ ሙሉ የወንበር ልብስ ገልብጣ ሰፍታ፣ ፈትታ፣ እንደገና ገልብጣ ሰፋችው። ማታ ባሏ ላይ ጮኸች።

«እኔ እኮ ስለ ጭራቁ ነው ያልኩት» አለ ሾፌሩ።

«እሱስ ስለ ጭራቁ የሰማህ መሰለህ?»

 ከዚያ በኋላ ግን ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ውሃውን ወደዚያ ክፍል የሚያስገባው ሾፌሩ ሆነ።  ብርጭቆውን አስቀምጦ ጥቂት ቆሞ ይወጣል።

እንግዲህ እሑድ ሲመጣ ሰፊዋ ጠረጴዛውን እንደገና ጎተተችው። አስተካካዩ ሊያስቀራት ሞከረ፤ እሜቴ፣ ይህን ሰው ተይው፣ ይረፍ አላት። ሲያርፍ አይቼዋለሁ፣ ማረፉን ነው የፈራሁት አለችው። በተራኪው ወንበር አልተቀመጠችም። ለራሷ አንድ ቁልፍ መረጠችና ከባሏና ከአስተካካዩ መሃል ተጨናንቃ ገባች። የመጨረሻውን ካርድ ከወንድሟ ደረት ላይ፣ ከብርድ ልብሱ በላይ አኖረችው። 

«ጋሼ፣ የሞተ አይናገርም፣ ሕግህን አላፈርስም» አለች። «ዛሬ ግን ከኛ ወገን አይደለህም። ዛሬ ከእነሱ ነህ። አፋፉ ላይ ደርሰናል፣ ከፊትህ ቆመናል።»

ስሙን ጠየቀችው፣ መልስ የለም። አስተካካዩ ጉሮሮውን ጠርጎ ያን ያህል እጅ ይዛችሁ ጀርባችሁን የሚያክላችሁ ሰው አትፈልጉም ማለት ነው አለ። ማንም አልሳቀም፣ ራሱም። ከውጭ የልጆች ኳስ የሱቁን ቆርቆሮ መታው። ሰፊዋ ካርዱን ተመለከተች፤ ደረቱ ሲተነፍስ ብቻ ይነሳል፣ ይወርዳል። ይህ ካልሆነ ሌላ ምንም አልነበራትም። ሐኪምም፣ ካርድም፣ ሐሳብም።

ከዚያ ሾፌሩ ጠየቀ። ቀስ ብሎ፣ ጎራዴ ሳይመዝ።

«ከሥር ሰው እንዳለ ታውቅ ነበር?»

ሰፊዋ እግሩን በጠረጴዛው ሥር ረገጠችው፣ ቃሉ ግን ወጥቷል። ብርድ ልብሱ ተንቀሳቀሰ። ወንድምየው ፊቱን ገለጠ፤ ዓይኑ ጣሪያው ላይ ነበር።

«አውቅ ነበር» አለ።  «ገመዱ እየተበጣጠሰ መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ። ጭነቱን ከማንሳቴ በፊት ወርጄ ነገርኳቸው፣ ካነሳሁትም በኋላ በሬዲዮ ነገርኳቸው። ሌላ ገመድ እስኪመጣ ይዘህ ቆይ አሉኝ።»

በተራራው ታሪክ ውስጥ ገመድ የለም፣ ሬዲዮም የለም። ማንም አላረመውም። እህቱ ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ያ ሁሉ ሊያጣራ የመጣ ሰው ይህችን አንዲት ነገር አልጠየቀም፣ ወይ ጠይቆ አልጻፈም። ስማቸውን ባውቅ እዚህ እጽፈው ነበር።

«አሁንስ?» አለ ሾፌሩ።

«አሁንም ይዣለሁ። የማልነሳው ለዚያ ነው። ብነሳ ይወርዳል።»

አስተካካዩ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሰፊዋ ያን ሁሉ እሑድ የለመነችው ቃል መጥቶ ሲቆም፣ የመጣው ይህን ያህል ከባድ ነገር ተሸክሞ ነበር። ብዙ አለመናገሩ ለምን እንደሆነ አሁን ገባት፤ ሸክሙን እንዴት እንደምታነሳለት ግን አላወቀችም። ወንድሟ ሁለት ክንዶቹን ብርድ ልብሱ ላይ አውጥቷል። ቀጥነዋል፤ ጅማቶቹ እውነት የሆነ ነገር እንደያዘ ሰው ተወጥረዋል።

ሾፌሩ ቁልፉን አነሳ። ጠረጴዛውን አልፎ፣ ብርድ ልብሱ ላይ፣ ከካርዱ አጠገብ አስቀመጠው።

«የት ጋ ልቁም?» አለ።

ወንድምየው ዓይኑን ከጣሪያው አወረደ። ክሬኑ ላይ ሆኖ ከታች ያሉትን ሲያዝ እንደነበረው፣ በአጭሩ፣ ሳይቸኩል ተናገረ።

«ከግራዬ። እግርህን ከፈት አድርግ። እጅህን ቀስ አድርገህ አስገባ፤ እኔ ገና አልለቀቅኩም።»